ወንድሜ አንቱ የተባሉበት ሰሞን

ሰኞ 3

ዛሬ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ማንም ምንም አላለኝም። አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ያመለጠኝን እንድገለብጥ ደብተሩን ገፋ አደረገልኝና ፊቱን ወደ መስኮት መለሰ። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ግን ደግ ልጅ ነው።

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት የማወራው ሰው ስለጠፋ አይደለም። አማርኛዬን ለማሻሻል ነው። ምክንያቱን ልጻፈው።

ወንድሜ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር። ሥራ ቦታ «ብሎን» ነበር የሚሉት፤ አጭር፣ ድፍን ያለ፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ ስለነበረ። አባታችን ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ጋራዥ ገባ፤ እኔ እንዳላቋርጥ። ባለፈው ወር ሳል ጀመረው። ሳሉ የሳንባ ምች ሆነ። ከዚያ አለቀ።

የቀብሩ ዕለት አንድ ጎረቤት የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ግማሽ ገጽ አትሞላም። ስንመለስ ሁለት ሰዎች ከፊቴ ይሄዱ ነበር። አንደኛው «አጠረች» ሲል ሌላው «ለመካኒክ ምን ታሪክ አለው ብለህ ነው» አለ። በክፋት አልነበረም። ጫማው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በድንጋይ ጠርዝ እየፋቀ ነው ያለው። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ 6

የጋራዡ በያጅ ቤት መጣ። ወንድሜ «ጋሼ» የሚለው ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ ስለኖረ ዓይኑ ሁልጊዜ ያለቀሰ ይመስላል። የወንድሜን ፎቶ አስተልቀው ሻይ በሚጠጡበት ክፍል ሊሰቅሉት ነው። በሚቀጥለው ወር አጋማሽ፣ ቅዳሜ፣ ሁሉም ይሰበሰባሉ፤ ኃላፊውም ይገኛል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ስለ እሱ እንዲናገር ፈልገዋል። እኛ መፍታትና መግጠም እንጂ መናገር አንችልበትም አለ። ከዚያ እሱም እማዬም እኔን አዩኝ።

እማዬ፣ «እሱ ይናገር፤ እኔ ፊት ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ» አለች። ከቀብር ወዲህ ገና ስላልመጣ ቀን ስታወራ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ በደንብ እናገራለሁ። ማንም ጭቃውን እየፋቀ የሚለው ነገር እንዳያገኝ።

ማክሰኞ 11

ቆርጫለሁ። ከእንግዲህ «አደለም» የለም፤ አይደለም። «ሚመጣው» የለም፤ የሚመጣው። «ን» አትዘለልም። ከባድ ከባድ ቃላቶችን እየመረጥኩ በየቀኑ እይዛለሁ።

ጠዋት ባለሱቁን፣ «ሁለት ዳቦን ይስጡኝ» አልኩት።

«የትኞቹን ሁለቱን?»

መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ናቸው። በጣቴ አመለከትኩ። እሱም ልክ ያመለከትኳቸውን፣ ከመሃል፣ ሌሎቹን ሳይነካ በጥንቃቄ አወጣልኝ። ሲያሾፍ ይሁን ሲያከብረኝ አላውቅም።

ዓርብ 14

ክፍል ፊት ወጥቼ የምናገርበት ቀን ነበር። ለጋራዡ መለማመጃ ይሆነኛል ብዬ ርዕሴን «መልካም ንግግር» አደረግኩት። በቃሌ ይዤዋለሁ። «ክቡራን መምህራኖች፣ ውድ ጓደኞቼ፣ ተናጋሪ ቃላቶችን በጥንቃቄ መምረጥ አለበት» ብዬ ጀመርኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሸሚዜ መስሎኝ ቁልፎቼን ዳበስኩ። ቀጠልኩ። ቃላቶች ባልኩ ቁጥር ሳቁ አንድ ወንበር ወደፊት መጣ። የአማርኛ መምህሯ አንገቷን ደፍታ እስክጨርስ ጠበቀች።

በእረፍት ሰዓት ስሜ «ቃላቶች» ሆኖ ቆየኝ። ብዙ ቁጥር ስለሆንኩ «መጣ» አይሉኝም። «ቃላቶች መጡ፣ ቦታ ልቀቁላቸው» ይላሉ። ደብተር ያዋሰኝ ልጅም ሳቀ። ትንሽ ነው የሳቀው፤ ግን ሳቀ።

ብዙ ቁጥር ሆኜ ብቻዬን ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ 15

እማዬ አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ስትገባ ከእሷ በፊት የበረኪና ሽታዋ ይገባል። ዛሬ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘች ልትነግረኝ ጀመረች፤ ኦስፒታል ማታ ማታ ትመጣ የነበረችውን ያቺን ነርስ።

«ሆስፒታል» አልኳት።

«እንዴት?»

«በሆ ነው የሚጀምረው። ሆስ-ፒታል።»

«ሆስፒታል» አለች፤ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ቀጥ ብላ ቆማ። ወዲያው ያዘችው። ደስ አለኝ። ጋራዡ ስንሄድ ኃላፊው ሊያናግራት ይችላል፤ ማንም እንዲስቅባት አልፈልግም። «አደለም»ንም አስተካከልኩላት።

ማታ ነው ትዝ ያለኝ። ነርሷ ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ 19

መምህሯ ከክፍል በኋላ አስቀረችኝ። አልተቆጣችም። ስህተቴ የሰነፍ ስህተት አይደለም አለችኝ፤ ሰነፍ «ቃሎች» ብሎ ያልፋል። «ቃላት ማለት እኮ ራሱ ብዙ ነው። አንተ አላመንከውም፤ ሌላ ብዙ ደረብክበት። ኮት ላይ ኮት። ይሞቃል፤ ክንድ ግን አይታጠፍም» አለች። ከዚያ ጠመኔዋን ከጣቷ እያራገፈች፣ ቤት ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀችኝ።

«እናቴ አሉ» አልኳት።

ቀና አለች። «እናትህን ድሮም አንቱ ነው የምትላቸው?»

አይደለም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። መምህር ፊት ስለሆንኩ ነው። ስለ ወንድሜ ልትጠይቀኝ መሰለኝና አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ አልይዝም፤ በእግሬ ነው የምሄደው።

«ቃላቶች»ን ከማስታወሻዬ ልሰርዝ ፈልጌ ወደኋላ ገልጬ ነበር። ተውኩት። ይታይ።

እሑድ 23

የጎን ጎረቤታችን ልትጠይቀን መጣች። እኔ ጓዳ ሆኜ አጠና ነበር። እማዬ ወንድሜ እንዴት እንደነበረ ትነግራታለች። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። ዛሬ ግን ቀስ ብላ፣ እንደ አሮጌ ድልድይ ጣውላ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች ነበር የምትናገረው። ሆስፒታል አለች። ትክክል። ከዚያ «ሆክስጅን አጥሮት ነበር» አለች። ከዚያ ደግሞ ዶክተሮቹ «ሆፕራሲዮን አያስፈልገውም» እንዳሉ።

ጎረቤቲቱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ነበር። ልቅሶ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትከሻዋን አየሁት፤ በሳቅ ይነቃነቃል።

እማዬም አየችው። ወሬውን አልጨረሰችውም። ሻይ ልጨምርልሽ አለቻት።

ሆ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሐሙስ 27

እማዬ ባወራች ቁጥር መጨረሻው ላይ «ትክክል አልኩ?» ማለት ጀምራለች። የጠፋ ካልሲ ስትጠይቀኝም፣ ውሃ ሄዷል ስትለኝም። ትክክል አልኩ? አዎ እላታለሁ። ሰኞ ዕለት አምስቴ ጠየቀችኝ። ዛሬ አንዴም አልጠየቀችኝም፤ ምክንያቱም ከ«እሺ» በስተቀር ምንም አላለችም። «እሺ» ላይ መሳሳት አይቻልም።

ቤታችን ጸጥ ብሏል። ወንድሜ ገና በሩን ሳይከፍት ነበር ማውራት የሚጀምረው። ግማሹ ወሬ ደጅ ያልቃል፣ ግማሹን ይዞ ይገባል፤ እጁን በሳሙናና በአሸዋ እየታጠበ ሲያወራ ግራሶው ይለቀቃል፣ ወሬው ግን አይለቀቅም። አሁን የቧንቧው ጠብታ ይሰማል። ድሮም ይንጠባጠብ ነበር ማለት ነው።

እሑድ 30፣ ማታ

ንግግሩን ጻፍኩ። ከእራት በኋላ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት።

መጀመሪያ «ወንድሜ ተወለደ፣ ተማረ፣ ሠራ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሳነበው እንደ ሰፈር ወሬ ሆነብኝ። «ልጁ መጣ፣ ልጁ ሄደ» እንደ ማለት። ትልልቅ ሰዎች ሲሞቱ በሬዲዮ የሚነበበውን አስታወስኩ፤ ተወለዱ፣ አገለገሉ፣ አረፉ። አንድም ትልቅ ሰው «አረፈ» ተብሎ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። መካኒክ ስለሆነ ነው ከ«አረፈ» የማያልፈው? እኔ አሳልፈዋለሁ። ሁሉንም ግስ ከላይ ጀምሬ አስተካከልኩ። ተወለዱ። አቋረጡ። ጠገኑ። ወረቀቱ ወዲያው ክብደት ያለው መሰለ።

አንድ ነገር ብቻ። ስጽፍ ፊቱ አይመጣልኝም። ድሮ «ተጣደ» ብዬ ብጽፍ ጀበና እንደሚታየኝ፣ «ጠገነ» ስል እጁ ይታየኝ ነበር። «ጠገኑ» ስል የሚታየኝ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ደክሞኝ ይሆናል።

ማክሰኞ 2

አፌ እንዲለምድ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። ወንድሜ ዛሬ ቢኖሩ የደመወዝ ቀናቸው ነበር። ሲቀበሉ ለእኔ እስክሪብቶ ይገዙልኝ ነበር። ሁልጊዜ ቀዩን ይገዙ ነበር፤ ቀይ የአስተማሪ ነው ስላቸውም አይሰሙም።

መንገድ ላይ የሰፈሩ ውሻ ተከተለኝ። «ሂዱ!» አልኩት። ማንም አልሰማኝም መሰለኝ።

ቅዳሜ 6

ለእማዬ አነበብኩላት።

ከሥራ ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር። ሳምንት ስለቀረው፣ ልስማው ያለችው እሷ ናት። ከወንበር ተነሥቼ ወረቀቱን ደረቴ ትይዩ ያዝኩ። ወንድሜ ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርታቸውን ጀመሩ። ኋላም በሙያቸው ተሰማርተው አውቶቡሶችን ጠገኑ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። አልተደናቀፍኩም። አንዲት «ን» አልዘለልኩም።

ስጨርስ ውሃው ውስጥ ያለውን እግሯን ነበር የምታየው።

«ማናቸው እኚህ ሰውዬ?» አለችኝ።

ያልሰማች መስሎኝ፣ እሱ ነው፣ ለክብር ብዬ ነው አልኳት። ሰው ፊት ሲነበብ እንደዚያ ነው የሚባለው።

«አንቱ ለመባል ዕድሜ ያስፈልጋል» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «የኔ ልጅ አልደረሰበትም።»

ሕጉን ላስረዳት ጀመርኩ፤ መድረክ ምናምን ማለት ጀመርኩ። ፎጣውን አንሥታ እግሯን ጣት በጣት አደረቀች፤ የሆቴል አንሶላ የምታጥፍበት ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

«እኚህን ሰውዬ የወለደቻቸው ሌላ ሴት ትሆናለች። ቅዳሜ እሷ ትሂድላቸው።»

ውሃውን ደጅ ደፍታ ተኛች።

እሑድ 7

አትሄድም። አንዴ ብቻ ጠየቅኳት። «ሥራ አለኝ» አለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የላትም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔ እንደማውቅም ታውቃለች።

ልናገር የተነሣሁት ለእሷ ብዬ ነበር። ፊት ቁጭ ብላ እንድትሰማ። አሁን ወንበሩ ባዶ ሆኖ ለማን ነው የምናገረው? ለኃላፊው?

ሐሙስ 11

ወረቀቱን ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። ተወለደ። አቋረጠ። ጠገነ። እጄ በየግሱ መጨረሻ ላይ «ኡ» ሊጨምር ይሄዳል፤ እሰርዛለሁ። ሰሞኑን ሙሉ አፌን አንቱ ሳስለምድ ኖሬ አሁን አልለቅ አለኝ። ዛሬ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ለምን ተከፈተ ሲሉኝ «ራሳቸው ተከፈቱ» አልኩ። ለሳምንት የሚበቃቸው ሳቅ ሰጠኋቸው።

እማዬ አዲሱን አልሰማችም። አላነበብኩላትም። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ፤ ስመለስ እንደተውኩት ነበር።

ቅዳሜ 13

ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ጋራዡ ውስጥ አውቶቡሶቹን ወደ ጥግ አስጠግተዋቸዋል። ከተፈቱ አሮጌ አውቶቡሶች የወጡ ወንበሮችን ደርድረዋል። ከስር ገብተው የሚሠሩበትን ጉድጓድ ሰው እንዳይወድቅበት በጣውላ ሸፍነውታል። ሁሉም ቱታቸውን አውልቀው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ ግን ግራሶው የት ድረስ እንደሚደርስ ይታያል። ፎቶው ትልቅ ነው። በጣም ስላተለቁት ፊቱ ትንሽ ደብዝዟል። የፊተኛው ረድፍ ላይ ለእማዬ የተተወው ወንበር ባዶ ነበር። በያጁ በዓይኑ ጠየቀኝ። ሥራ አላት አልኩት።

ኃላፊው አጭር ነገር ተናግሮ እኔን ጋበዘ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። በጥንቃቄ፣ ወንድሜ ተወለደ አልኩ። ተማረ። ጥሩ ነው፣ አንድም «ኡ» አልወጣም። ከዚያ የቆመውን አሮጌ አውቶቡስ ታሪክ ጀመርኩ፤ ሁሉም ተስፋ ቆርጠውበት እሱ ብቻውን ያስነሣውን። ያፈንኩት አንቱ በዚህ በኩል አምልጦ ወጣ።

«ሞተሩ ለዓመታት ቆመው ነበር። ወንድሜ ፈታቸው፣ አጠባቸው፣ ገጠማቸው። ሞተሩም ተነሡ።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩ በኋላ ነው። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ወንድሜ ሁልጊዜ ይቀልዳል ይለን የነበረው፣ ከኋላ ረድፍ እንደ ቁም ነገር ራሱን ነቀነቀ።

«እኚያ ሞተር እንኳ ሽማግሌ ናቸው። ይገባቸዋል።»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪያስተጋባ ሳቁ። በያጁ ያንን የሚያለቅስ የሚመስል ዓይኑን ይጠርጋል፤ ይህ የሳቅ ይሁን የሌላ አልታወቀም። ኃላፊው ራሱ አንገቱን ደፋ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ ቆምኩ፤ ጉድጓዱ እንኳ ተሸፍኗል። ያ የቀብሩ ዕለት ጭቃውን ሲፍቅ የነበረው ሰውዬ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከዚያ በሳቁ መሃል አንድ ሳቅ ለየሁ። ቀጭን፣ እየታፈነ የሚያመልጥ። እማዬ በሩ ጋ ነበረች። ሽርጧን አላወለቀችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ በኋላ ወረቀቴን ማንም አልፈለገውም። አንዱ ከአንዱ እየነጠቀ አወራ። ብሎን ሞተር ሲያናግር እንዴት እንደሚሳደብ፣ «አንተ ደነዝ፣ አሁን ብትነሣ ምን አለበት» እንደሚለው። ካምቢዮ ሊፈታ አውቶቡስ ሥር ገብቶ እንቅልፍ እንደወሰደውና ሹፌሩ እግሩን አይቶ እንደጮኸ። ሲያወሩ ፊቱ መጣልኝ። እውነተኛው። ያልደበዘዘው።

እማዬ ሳትጋበዝ፣ ከቆመችበት፣ ተናገረች። «ኦስፒታል ሳለ» አለች፤ በ«ኦ»። ወደ እኔ አላየችም። «ኦስፒታል ሳለ፣ ያን ኦክስጅኑን አፉ ላይ አድርገውለት፣ መናገር አቅቶት፣ ማሽኑን በጣቱ ያሳየኛል። ምን ፈለግክ ልጄ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ኩሽኔታው አልቋል፣ ይጮኻል፣ ዘይት ያድርጉበት በያቸው፣ አለኝ።»

ማንም አልሳቀም መጀመሪያ። ከዚያ ጎሚስታው፣ «አደረጉበት?» አለ።

«አላደረጉበትም» አለች እማዬ። ከዚያ ነው ሁሉም የሳቁት፣ ወይም ያለቀሱት። እኔም። ከቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ይህን መጻፍ ምንም አይደለም።

በእግራችን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ አወራች። የነርሷን ነገር ጨረሰችልኝ፤ አግብታለች፣ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች፣ ወንድሜን በስሙ አስታውሳዋለች። «አደለም» ስንቴ እንዳለች አልቆጠርኩም። አትመጪም ብለሽ ለምን መጣሽ አልኳት።

«ሰው ሲስቅብህ ብቻህን እንዳትሆን» አለችኝ።

እሑድ 14

እማዬ አሁንም ታስታውሰዋለች። ጠዋት ማሰሮውን ስታጥብ ብቻዋን ሳቀች። «ሞተሩም ተነሡ» ትላለች፣ ከዚያ እንደገና። ትናንት መንገድ ላይ ደግሞ መራመድ አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ሳቀች፤ ሰው እያለፈ ያያታል፣ እሷ ግድ የላትም፣ ሽርጧ በአንድ በኩል ተፈትቶ መሬት ይጎተታል።

ወንድሜ፣ ባየሃት።